ፕሮሰሰሬን ማን ወሰደብኝ?



«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሴሚስተር የእኔ ነገር ልክ እንደዚሁ ነበር። ላሚቱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር፣ ወተቱ ደግሞ ቨርችዋል ማሽን ነበር። ቨርችዋላይዜሽን የሚችል ፕሮሰሰር እያለኝ ለሦስት ሳምንት ያህል አንዲት ቨርችዋል ማሽን ማስነሳት አቅቶኝ ተንከራተትኩ። ይህን የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከእናንተም መካከል ይኸው ችግር የሚገጥመው ስለማይጠፋ መላውን ለመንገር ነው። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ዕቁብ የገዛው ኮምፒውተር

ቤታችን አቃቂ ነው። እናቴ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ዕቁብ ሲደርሳት «ኮምፒውተር የሌላት የኮምፒውተር ተማሪ አለች እንዴ?» ብላ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛችልኝ። የገዛነው ቃሊቲ፣ ከቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ፌርማታ ብዙም ሳይርቅ ካለች አንዲት የጥገና ሱቅ ነው። ባለ ሱቁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ኮር አይ 5፣ ሁለተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም። እናቴ ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፍና በሚኒባስ እስከ አቃቂ ታቅፋው ሄደች። ረዳቱም የእሱን ሒሳብ ለብቻው ተቀበለን።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኮምፒውተሩ ምንም አልጎደለውም። አሳይመንት ሠራሁበት፣ ኮድ ጻፍኩበት፣ ፊልምም አየሁበት። ጣጣው የመጣው የኔትወርክ አድሚኒስትሬሽን ፕሮጀክት ሲሰጠን ነው። ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰርቨርና አንድ ክላየንት በቨርችዋል ማሽን አቋቁመን ማገናኘት፣ ከዚያም መምህሩ ፊት አስነስቶ ማሳየት ነበር። ከመቶው 30 የሚያዘው በዚህ ነው። ከቡድናችን የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁለቱ ልጆች በእኔ ተማምነው ተቀመጡ።

ቨርችዋል ቦክስን ጫንኩ፤ 64 ቢት ኡቡንቱ ሰርቨር አዘጋጀሁ፤ «ስታርት» አልኩ። ወዲያው አንድ የኢረር ሳጥን ብቅ አለ፤ ቪቲ ኤክስ በባዮስ ውስጥ ለሁሉም የሲፒዩ ሞዶች ተዘግቷል ይላል። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው። ቨርችዋል ቦክስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያው። የሞባይል ፓኬጄን ጨርሼ ሌላ ቨርዥን አወረድኩ፤ አሁንም ያው። መልእክቱን ከማንበብ ይልቅ ፕሮግራሙን መቀያየሩ ቀለለኝ መሰለኝ።

ለመሆኑ ቪቲ ኤክስ ምንድን ነው?

በእኛ ሰፈር በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ተከራይ ይኖራል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ ያለውም አከራይዋ በረንዳ ላይ ነው። ተከራይ በየቤቱ ጌታ ነው፤ ያበራል፣ ያጠፋል። ቆጣሪውን ልንካ ካለ ግን እትዬን መጥራት አለበት። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ደግሞ ቆጣሪው የእኔ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ተከራይ ነው። ሁለት ሦስቱን በአንድ ኮምፒውተር ስናኖር፣ አንዱ ቆጣሪውን ሊነካ ሲል እጁን የሚይዝ አከራይ ያስፈልጋል። እሱ ነው ሃይፐርቫይዘር የሚባለው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ ቪኤም/370ን በ1972 አውጥቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። በ1974 ፖፔክና ጎልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ማሽን በቀላሉ ቨርችዋል እንዲሆን ማሟላት ያለበትን ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ቆጣሪውን የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ አከራዩን የሚያስጠራ ይሁን የሚል ነው። እኛ የምንጠቀምበት ኤክስ 86 ፕሮሰሰር ግን ይህን አያሟላም ነበር። በ2000 ፔንቲየም ላይ የተደረገ አንድ ጥናት አከራዩን ሳያስጠሩ የሚያልፉ 17 ትእዛዞችን ቆጥሯል። ለምሳሌ ፖፕኤፍ የተባለው ትእዛዝ ሥልጣን በሌለው ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ኢንተረፕት ልዝጋ ቢል፣ ፕሮሰሰሩ «አይቻልም» አይለው፣ አይፈጽምለትም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ተከራዩ ዘጋሁ ብሎ ይተኛል፤ አከራይዋም አልሰማችም።

ቪኤምዌር በ1999 ለዚህ መላ አመጣ፤ የእንግዳውን ኮድ እየተከተለ አደገኛዎቹን ትእዛዞች እየተረጎመ ማስኬድ ነው። አከራይዋ ተከራዩን ኮቴ በኮቴ እንደመከተል በሉት፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ያደክማል። ከዚያ ኢንቴል በ2005 መጨረሻ ቪቲ ኤክስን፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ኤኤምዲ ቪን ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡ። እንግዳው ሲስተም በተለየ ሁኔታ ውስጥ እንደ ጌታ ይሠራል፤ ቆጣሪውን ሲነካ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመውና ለሃይፐርቫይዘሩ ያስረክበዋል። ቨርችዋል ቦክስም በ2019 መጨረሻ ከወጣው ከ6.1 ቨርዥን ጀምሮ ያለዚህ ድጋፍ አይሠራም። ስለዚህ እኔ እንዳደረግኩት ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን ምንም አይፈይድም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ተዘጋ? ለብዙ ዓመታት ብዙ አምራቾች ይህን ነገር ዘግተው ነበር ኮምፒውተሩን የሚልኩት። በ2006 ዮአና ሩትኮቭስካ የተባለች ፖላንዳዊት የደኅንነት ባለሙያ፣ በሥራ ላይ ያለን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳያውቀው ወደ ቨርችዋል ማሽን ማስገባት እንደሚቻል «ብሉ ፒል» በተባለው ሥራዋ አሳይታለች። ከዚህ አንጻር፣ የማይጠቀምበት ሰው በሩ ተዘግቶ ቢቆይለት ክፉ አይደለም። የሚዘጋበትም መንገድ ጥብቅ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮሱ አንዲት ሬጅስተር ላይ «ክፍት» ወይም «ዝግ» ብሎ ይጽፍና ቢት 0ን 1 በማድረግ ይቆልፋታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ዊንዶውስም ሆነ ሊነክስ ሊለውጣት አይችልም። መፍትሔው ያለው ባዮስ ውስጥ ብቻ ነው።

ሱቅ ይሠራል፣ ቤት አይሠራም

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ያደረግኩት ለጋሼ መደወል ነበር። «ይዘሽው ነይ ልጄ» አሉኝ። ገና እንዳበሩት ኤፍ 10 ተጭነው ባዮስ ውስጥ ገቡ፤ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ቨርችዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን ከ«ዲሴብልድ» ወደ «ኤኔብልድ» ቀየሩት፤ ሴቭ አሉ። ዊንዶውስ ሲነሳ ታስክ ማናጀር ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ከዚያም ሲፒዩ የሚለውን ሲነኩት ቨርችዋላይዜሽን «ኤኔብልድ» ይላል። ሰርቨሬም እዚያው ተነሳ። ገንዘብ ስሰጣቸው «ለዚህች ደግሞ!» ብለው እምቢ አሉ።

አቃቂ ደርሼ ሰካሁት። ያው ኢረር።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼ ባዮስ ውስጥ ሲገቡ ተዘግቶ አገኙት። «ነካክተሽዋል» አሉኝ። «ኧረ አልነካሁም!» አልኩ። ከፈቱት፤ ሱቁ ውስጥ ሠራ። ቤት ወሰድኩት፤ አልሠራም። እስቲ አስቡት፤ ዴስክቶፕ ታቅፎ ከአቃቂ ቃሊቲ መመላለስ! ማሳያው ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ነው የቀረው። የቡድኔ ልጆችም ፊታቸው መጥቆር ጀመረ። ከመካከላቸው አንዱ «ምናልባት ፕሮሰሰሩን ቀይረውብሽ ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ ጥሩውን አድርገው ያሳዩሻል፣ ስትወጪ ሌላ ነው» አለኝ። አሁን ሳስበው አንድ ሰው ዓይኔ እያየ ፕሮሰሰር በምን ተአምር እንደሚቀይር አይገባኝም። በዚያን ሰዓት ግን የእናቴ የዕቁብ ብር ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ። አመንኩት።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ገባሁና ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ «ጋሼ፣ የሸጡልንን ፕሮሰሰር ይመልሱልኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር። ሱቁ ጸጥ አለ። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ አንዲት እናት እኔንም እሳቸውንም እያፈራረቁ አዩ። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን አልተቆጡም። «ተቀመጪ» ብቻ አሉኝ።

ሳጥኑን ሰክተው አበሩት። በዚህ ጊዜ ምናልባት በንዴት ይሁን እንጃ ኤፍ 10ን አልተጫኑም፤ ዝም ብለው ተመለከቱ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መልእክት ቆመ፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን የሚል። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ኤፍ 1ን ተጫንኩ።

«ቆይ! ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ይሄማ ሁልጊዜ ነው የሚመጣው ጋሼ፤ ኤፍ 1 ሲሉት ያልፋል።»

«ሁልጊዜ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገዛነው ጀምሮ ነው መሰለኝ።»

ዊንዶውስ ሲነሳ በጣታቸው የስክሪኑን ጥግ አሳዩኝ። ጃንዋሪ 2011 ይላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ብንዘገይ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ግን ከእኛም ብሶ ወደ ኋላ ሄዷል። ይህንንም አውቀው ነበር። ባበራሁ ቁጥር ሰዓቱን ስልኬን እያየሁ አስተካክል ነበር። ሳላስተካክል ኢንተርኔት የገባሁ እንደሆነ ድረ ገጾች ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያሉ አልከፈት ይሉኝ ነበር፤ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት የሚፈተሸው በኮምፒውተሩ ቀን ነውና። ሦስት ምልክት፣ ለሦስቱም የየራሱ ማለፊያ አበጅቼለት ከረምኩ። አንድ ላይ አድርጌ «እነዚህ ነገሮች ወንድማማች ይሆኑ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ጋሼ ሳጥኑን ፈቱና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ አወጡ። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቁጥሩ ራሱ ልኳን ይናገራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። 3 ቮልት መስጠት አለባት። በቴስተር ሲለኳት አንድ ቮልትም አልሞላች።

ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። ባዮስ ቀኑንና የመረጥንለትን ሴቲንግ የሚያስታውሰው ሲሞስ በምትባል ትንሽ ሜሞሪ ነው። ሲሞስ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ ከፓወር ሳፕላዩ ታገኛለች፤ ሶኬቱ ሲነቀል ግን የምትኖረው በዚህች ባትሪ ነው። ባትሪዋ ከሞተች ሁሉን ትረሳና ፋብሪካው እንደሠራት ትሆናለች። ፋብሪካው ደግሞ ቨርችዋላይዜሽንን ዘግቶ ነው የላከው። ሱቅ ውስጥ እንደተሰካ ሲከፈት ይሠራል፤ ነቅዬ ታቅፌው አቃቂ ስደርስ ረስቶታል።

ቤት ውስጥም ያው ነው። አባ ሳሙኤልን የመሰለ ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ አቃቂ ወንዝ ላይ ሆኖ፣ እኛ ሰፈር መብራት መሄዱ አልቀረም። እናቴም መብራት ሲመጣ ዕቃ እንደሚመታ ስለምታውቅ ማታ ማታ ሶኬቱን ትነቅለዋለች። ልክ ናት፤ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን የተቃጠለው እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሬን የምትጠብቅልኝ እጅ ናት ሴቲንጉን የምታጠፋው።

አዲሷ ባትሪ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አልራቀችም። ጋሼ ቀኑን ሞሉ፤ ቨርችዋላይዜሽኑን ከፈቱ፤ ከዚያ ሆን ብለው ሶኬቱን ነቀሉትና «ቡናሽን ጠጪ» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሰኩት። ኤፍ 1 አልጠየቀም። ታስክ ማናጀርም «ኤኔብልድ» ይላል። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ስትመጪ ኤፍ 10 እየተጫንኩ መልእክቱን ዘልዬዋለሁ። ሰዓቱን አንድ ጊዜ ባይ ኖሮ አንቺም አትንከራተቺም ነበር።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ለሚቸገር ሰው

እንግዲህ እንደኔ እንዳትቸገሩ፣ ቨርችዋል ማሽን እምቢ ሲላችሁ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ጠይቁ።

አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ በተፈጥሮው ይችላል? እንደ ፔንቲየም ዱዋል ኮር ኢ 2200 ያሉ የድሮ ፕሮሰሰሮች ቪቲ ኤክስ የላቸውም፤ እነሱን ባዮስ ውስጥ ቢፈልጉ ትርፉ ድካም ነው። የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ስም ይዛችሁ የአምራቹን ዝርዝር ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ባዮስ ከፍቶታል? በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይነግራችኋል። በሊነክስ ላይ የሲፒዩ መረጃ ውስጥ ለኢንቴል ቪኤምኤክስ፣ ለኤኤምዲ ኤስቪኤም የሚል ቃል ፈልጉ፤ የከርነሉን መልእክትም አንብቡ፤ ኬቪኤም በባዮስ መዘጋቱን በግልጽ ይጽፈዋል። ባዮሱ ውስጥ ስሙ ይለያያል፤ ቨርችዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ፣ ቪቲ ኤክስ ወይም ኤስቪኤም ሞድ ሊል ይችላል። ከቀየራችሁ በኋላ ሪስታርት ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት፤ አንዳንዱ ማሽን ካልጠፋ አይቀበልም።

ሦስተኛ፣ የከፈታችሁት ነገር ነገም ክፍት ነው? ይህ የእኔ ጥያቄ ነበር። ቀኑን እዩ። ኤፍ 1 የሚል መልእክትን አንብባችሁ እለፉ።

አራተኛ፣ ሌላ አከራይ ቀድሞ ቆጣሪውን ይዞታል? የሌላ ቡድን ልጅ ላፕቶፕ ላይ ታስክ ማናጀር «ኤኔብልድ» እያለ ቨርችዋል ማሽኑ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ይሳብ ነበር። የቨርችዋል ቦክስ መስኮት ግርጌ ላይ አንዲት አረንጓዴ የኤሊ ምልክት አየን። ኤሊዋ የምትወጣው የዊንዶውስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር፣ ሃይፐር ቪ፣ ቪቲ ኤክስን ቀድሞ ሲይዝ ነው። ሃይፐር ቪን ራሳችን ባንጭነውም ሊነክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊው ኤስ ኤል 2 ወይም ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የደኅንነት ሴቲንግ ያስነሳዋል። ልጁ የማይፈልጋቸውን ከዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ አጥፍቶ ሪስታርት ሲያደርግ ኤሊዋ ሄደች። ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ግን የኮምፒውተሩን ጥበቃ ስለሚቀንስ ሳታስቡበት አታጥፉት።

ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም ጻፉ። እኔ ብጽፍ ኖሮ «ሱቅ፦ ሠራ፤ ነቀልኩ፤ ቤት፦ አልሠራም» የሚለው ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ራሱ ይነግረኝ ነበር።

የማሳያው ቀን ሳጥኑን ይዤ ስመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ተነቅሎ ቆይቶ ነበር። መምህሩ ፊት ሰካሁት። ልቤ ስትመታ ትሰማኝ ነበር። ኤፍ 1 የሚል ነገር የለም። ሦስቱም ማሽኖች ተራ በተራ ተነሱ። ዲኤንኤስ ላይ አንድ ስህተት ስለነበረብን ከ30 26 አገኘን፤ እሱ የእኛ ጥፋት ነው።

አሁን ሁለተኛው ምክንያቴ። ጋሼን ሌባ ያልኳቸው በሰው ፊት ነው፤ ያመሰገንኳቸው ግን በለሆሳስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሱቃቸው በር አልፌ እጅ ነስቼ ሄጃለሁ፤ ገብቼ ግን አልተናገርኩም። ኮምፒውተሩ ከልክሎኝ አያውቅም ነበር፤ የከለከለኝን ሳልለይ ነው ሰውን የከሰስኩት። ይህ መጽሔት ሲታተም አንድ ቅጂ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ካነበቡት በኋላ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሰው እያለ፣ ያን ቀን በተናገርኩበት ድምፅ፣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

እናቴ አሁንም ማታ ማታ ሶኬቱን ትነቅላለች። ኮምፒውተሩ ግን አይረሳም።

ቸር ይግጠመን።